ፈዛዛው ኦር

የልጅ ልጄ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ እኔ ሌላ ነገር መለስኩላት። በደሉ ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ጆሮዬ ደህና ነው፤ ቃሉንም ጥርት አድርጌ ሰምቼዋለሁ። ግን አንድ ቃል ሁለት ሆኖ ሊመጣ እንደሚችል አላሰብኩም፤ ቆም ብዬም «ምን ማለትሽ ነው?» አላልኳትም። ልጅ የነገሯትን ይዛ ትሄዳለች። እኔ የነገርኳትን ይዛ የት ድረስ እንደሄደች ነው የምጽፈው።

ልጄ ገደራ ነው የምትኖር፣ ሥራዋ ያቭነ። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ እንደኔ ያሉትን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ መድኃኒታቸውን ትሰጣለች። ከሰዓት በኋላ ተረኛ በሆነች ቀን እኔ ከቂርያት ማላኪ አውቶቡስ ይዤ ገደራ እሄድና ልጅቷን ከጋን ወስጄ ወደኛ ቤት አመጣታለሁ። ሲመሻሽ እናቷ በመኪና መጥታ ትወስዳታለች። ጋን ማለት እዚህ አገር ትንንሽ ልጆች የሚውሉበት ቤት ነው። መጀመሪያ የሰማን ጊዜ ሚስቴ በጣም ሳቀች፤ ጋን እኛ ዘንድ የጠላ ነዋ። «እንግዲህ ልጆቹንም እዚያ ከተው አፍልተው ሊያወጧቸው ነው» አለች። እውነቷን ነው። ልጅቷ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም፣ ፊደልም አልቆጠረች፣ አፏ ግን እንደ ፈላ ጠላ ነው፤ ዝም የሚያሰኛት የለም።

እኔን ሳባ ትለኛለች፣ አያቴ ማለቷ ነው። አንተም ትለኛለች። አልከፋም፤ ዕብራይስጥ አንቱ የሚባል ነገር የለውም። ግማሹን በዕብራይስጥ፣ ግማሹን በአማርኛ ታወራኛለች፤ እኔ ደግሞ ዕብራይስጡን ግማሽ በግማሽ እሰማዋለሁ። የቀረውን ከፊቷ አነባለሁ። ይኼ ለሁለታችን ይበቃናል ብዬ ነበር የማስብ።

ሐኑካ እየደረሰ ነበር። ሐኑካን በአገራችን አናውቀውም፤ መብራት እየጨመሩ የሚያበሩበትን በዓል እዚህ መጥተን ነው የተማርነው። እኛ እንዲያውም ሌላ ነበርን። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱ ይጠፋል፣ ኩራዙም ይጠፋል፣ ሰንበት እስኪወጣ ድረስ ቤቱ ጨለማ ነው። ከሰማይ የመጣ ብርሃን ካለ እሱን እናያለን፣ ከሌለም እንደ ዕውር በመዳሰስ ነው። እናቴ በጨለማ የማንኛችን ራስ እንደሆነ በእጇ ለይታ ትጠራን ነበር። ስለዚህ ብርሃንን የለመድኩት በማጣት ነው፤ ያጣ ሰው ደግሞ የትኛው ብርቱ፣ የትኛው ደካማ እንደሆነ ይለያል።

በጋኑም ያን ሰሞን የሚያስተምሯቸው ይኼንኑ ነበር፤ ፀሐይ፣ አምፖል፣ ሻማ፣ የትኛው ከየትኛው ይበልጣል እያሉ። ለበዓሉም እያንዳንዱ ልጅ ፋኖስ ሠርቷል። የኔዋ ልጅ ያን ቀን ፋኖሷን ይዛ ነው የወጣች። ከወተት ካርቶን የተሠራ፣ ጎኑ በመቀስ ተቀዶ ቢጫና ቀይ ላስቲክ የተለጠፈበት፣ ውስጡ በባትሪ የምትሠራ ሚጢጢ ሻማ ያለችበት። እንዳይረግፍ ብላ በሁለት እጇ አቅፋ ይዛዋለች። እዚህ አገር የክረምት ቀን ቶሎ ይጨልማል። ወደ አውቶቡሱ ስንወርድ አንድ የመንገድ መብራት ልክ እኛ ከሥሩ ስንደርስ ቦግ አለ። ቆመች።

«ሳባ» አለችኝ፣ «ላማ የኔ ኦር ኬሄ ነው?»

ላማ ለምን ማለት ነው። ኦር ብርሃን ነው። ኬሄ የምትለዋንም አውቃታለሁ፤ ሚስቴ ልብስ ስታጥብ ነጩን ለብቻ፣ ኬሄውን ለብቻ ታደርጋለች። ጠቆር ያለ፣ ያልፈካ ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ግልጽ ነው አልኩ፤ ፋኖሴ ለምን ፈዘዘ ማለቷ ነው። ከላይ ያ ትልቅ መብራት ተንቦግቡጓል፣ ከታች የሷ ሻማ አለች ማለትም አይቻል።

«የጓደኛሽስ?» አልኳት።

«የሷ ኦር ባሂር ነው።»

ባሂር ፈካ ያለ፣ ደመቅ ያለ ነው። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ምን ይጠረጠራል።

ደስ እንዳለኝ አልደብቅም። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ የሚያስረዳ ሌላ ሰው ነው፣ የምሰማ እኔ። ቤኤር ቱቪያ መጋዘን ውስጥ ስሠራ የልጄ ታናሽ የሚሆን አለቃ ካርቶን ከወለል እንዴት እንደሚነሣ ያስረዳኝ ነበር። ቤሰደር፣ ቤሰደር እለው ነበር፣ እሺ ማለት ነው። ሐኪም ቤት ሄጄ ያስረዱኛል፣ ልጄ ስልኩን ታስረዳኛለች፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። አሁን ግን አንዲት ሰው በዕብራይስጥ ጠይቃኝ መልሱን አወቅሁት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ስሚኝ የኔ እናት፣ ብርሃን ሁሉ እኩል አይደለም። አንደኛ ፀሐይ ናት። እሷን የሚያክላት የለም።»

«ከሷ ቀጥሎስ?»

«ከሷ ቀጥሎ የመኪና መብራት በይው፣ ይኼም የመንገዱ። ከዚያ የቤት አምፖል። ከዚያ ፋኖስ። ከዚያ ኩራዝ።»

«ኩራዝ ምንድን ነው?»

«ጋዝ የሚጠጣ መብራት ነው።»

«ይጠጣል?»

«ይጠጣል እንጂ። ከጠጣ በኋላም እንደ ሰካራም ጭሱን ይተፋል።»

ሳቀች። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ሻማ። ከዚያ የምድጃ ፍም።»

«እኔስ?» አለች።

ፋኖሷን ማለቷ መሰለኝ። «አንቺማ» አልኳት እየሣቅሁ፣ «ከፍም ትንሽ ትሻያለሽ።»

አልሳቀችም። ቅር እንዳላት ሳይ ላጽናናት ብዬ አባባስኩት። «ጥፋት አይደለም» አልኳት፣ «አንዱ ደማቅ ሆኖ ይፈጠራል፣ አንዱ ፈዛዛ። ግን ደማቅ አጠገብ ከቆምሽ አትታይም። ደማቁ ይውጥሻል። ፈቀቅ ብለሽ ጥግ ስትይዢ ነው የምትታይ።» ትከሻዋን ይዤ ከመብራቱ ሥር አወጣኋትና ከአጥሩ ጥላ ውስጥ አቆምኳት። እውነትም ፋኖሷ ጥላው ውስጥ ስትገባ ቢጫና ቀይ ሆና ወጣች፤ አጥሩን ሁሉ አቀላችው። «አየሽ?» አልኳት።

«አየሁ» አለች።

ዓይኗ ፋኖሱ ላይ አልነበረም። ፋኖሱን የያዘችበት እጇ ላይ ነበር። ይኼን አሁን ነው የማስታውሰው፤ ያኔ አይቼ አላየሁትም።

«ሁልጊዜ ነው?» አለች።

«ምኑ?»

«ጥግ።»

«ደማቅ ባለበት ሁሉ» አልኳት።

አውቶቡስ ውስጥ እጆቿን ወደ እጅጌዋ ሰብስባ ተቀመጠች። በርዷት መስሎኝ አንድ በአንድ እያወጣሁ በትንፋሼ አሞቅሁላት። መልሳ ከተተቻቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ ያየሁት ነገር ቢኖር ዝምታዋ ነው። እሱንም ጉንፋን አልኩት። ሌላ ቀን ልወስዳት ስሄድ መምህርቷ በር ላይ ጠበቀችኝ። ደግ ሴት ናት፤ እንዲገባኝ ብላ ቀስ እያለችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የምታናግረኝ። ልጅቷ ሰሞኑን ከልጆቹ ጋር ክብ ሠርታ አትቀመጥም፣ ግድግዳ ጥግ ነው የምትሄድ አለችኝ። ለበዓሉ ሻማሽ እንድትሆን መርጠዋት ነበር፤ ሻማሽ ማለት ሌሎቹ የሚለኮሱበት መካከለኛው ሻማ ነው። ፋኖሷን ይዛ መሐል ትቆማለች፣ ሌሎቹ ልጆች ግራና ቀኝ ይቆማሉ። እምቢ አለች። «ቤት ውስጥ የተፈጠረ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ምንም የለም፣ ሁሉም ቤሰደር ነው» አልኳት።

መንገድ ላይ ልጅቷን ጠየቅኋት። «ለምንድን ነው ጥግ የምትቀመጪ?»

«እንድታይ» አለችኝ።

ሳቅሁ። የልጅ ነገር፣ ተደብቃ መታየት የምትፈልግ አልኩ። የራሴን ቃል ነበር የመለሰችልኝ፤ የራሴን ቃል አላወቅሁትም።

በነጋታው ዝናብ ነበር። ልጄ ከያቭነ መጥታ ከፎቃችን ሥር መኪናዋን አቁማ ደወለችልኝ። ሌላ ጊዜ ወደ ላይ ወጥታ ትንሽ ትቀምሳለች፣ እናቷንም ትስማለች። ያን ቀን «አባ፣ ብቻዎን ይውረዱ» አለችኝ። ወርጄ ከጎኗ ገባሁ። የሥራ ልብሷን አላወለቀችም፤ የሽማግሌ ቤት ሳሙና ትሸታለች። መስታወቱ ሁሉ በትንፋሽ ተደፍኗል።

«አባ፣ ልጅቷን ምን አሏት?»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ቆዳዋ።»

«ስለ ቆዳዋ? እኔ ስለ ቆዳዋ ምን እላለሁ?»

«ያንቺ ፈዛዛ ነው ብለዋታል። ፈካ ካሉት ልጆች አጠገብ ከቆምሽ አትታይም፣ ጥግ ያዢ ብለዋታል። ከፍም ትንሽ ትሻያለሽም ብለዋታል። ትናንት ሳጥባት ነው የነገረችኝ። ሳባ ነው ያለኝ አለች።»

 ያለችው ሁሉ ከኔ አፍ የወጣ ነው፤ አንዱንም አላልኩም ልል አልችልም። «ፋኖሱን እኮ ነው» አልኩ። «የወተት ካርቶኑን ነው። የኔ ኦር ብላ ጠይቃኝ… ኦር መብራት አይደል?»

ልጄ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ግንባሯን መሪው ላይ አድርጋ መሳቅ ጀመረች። ሳቅዋ ብዙ አልሄደም፤ ተመልሶ እንባ ሆነ። በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገችና በጣቷ የተደፈነው መስታወት ላይ ሁለት ቃል ጻፈች፣ አንዱን ከአንዱ በታች።

«ይኼ ኦር ብርሃን ነው» አለች። «በአሌፍ ፊደል ነው የሚጻፍ። ይኼ ኦር ደግሞ ቆዳ ነው። በዓይን ፊደል ነው የሚጻፍ። ሲነገሩ አንድ ናቸው። ልጆቹ ራሳቸውን ሥለው ቀለም ሲመርጡ ነበር። ጓደኛዋ የኔ ኦር ባሂር ነው፣ ያንቺ ኬሄ ነው አለቻት። ክፋት የለውም አባ፣ ልጆች ናቸው፤ የቀለም ነገር ነው። መጥታ እኔን ብትጠይቀኝ ሁለት ቃል መልሼላት ያልቅ ነበር። ግን እርስዎን ቀድማ አገኘች።»

እርስዎን ቀድማ አገኘች። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ይወርዳል፣ እኔ ሁለቱን ቃላት አያለሁ። ታላቅ ወንድሜ ፊደል ሲያስቆጥረኝ አንዱን አልፋው አ፣ አንዱን ዓይኑ ዐ ይለው ነበር። «አንድ አይደሉም ወይ?» ስለው «ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለዓይን ግን ሁለት ናቸው» ብሎ በእንጨት መሬት ላይ ያሳየኝ ነበር። ልጅቷ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም። ከዚያ መብራት ሥር የቆምነው በጆሮ ብቻ ነበር፣ አንዲት ገና ያላነበበች ልጅና አንድ በቅጡ ያላነበበ ሽማግሌ። ግን ይኼ ሰበብ ነው። ፊደል ባላውቅ ፊት አውቃለሁ፤ እጇን ስታይ ነበር።

«እኔ ብነግራት ሳባ እንዲህ ብሏል ነው የምትለኝ» አለች ልጄ። «እርስዎ ነዎት የሚያቀኑት። በዓሉ ደርሷል።»

መስታወቱ ላይ ያሉት ቃላት ወዝተው ወደ ታች መውረድ ጀመሩ። የትኛው በአሌፍ፣ የትኛው በዓይን እንደነበረ ማየት አቃተኝ።

ወደ ላይ ስወጣ ልጅቷ ከሚስቴ ጋር ጠረጴዛው ላይ ትሥላለች። ቀና ብላ ሳባ አለችኝና ወደ ሥዕሏ ተመለሰች። ያቺን ሳባ ያለችበትን ድምፅ መስማት ከበደኝ፤ ምንም አልተቀየመችኝም። ተቀይማ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የምታምነው ሰው የነገራትን ነው የያዘች።

እናቷ ከወሰደቻት በኋላ ለሚስቴ ነገርኳት። ብዙ አልተናገረችም። «ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው» አለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አንተ ሰው፣ ምናለ ብትጠይቃት ኖሮ» አለችኝ።

«እንዴት አድርጌ ነው ይቅር በይኝ የምላት?»

እኔ የማውቀው የትልቅ ሰው ይቅርታ ነው። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ ይገባል። የተበደለው «አውርድ» እስኪለው ድረስ ከነድንጋዩ ይቆማል። ለልጅ ግን ማን ድንጋይ ተሸክሞ ያውቃል። ልጅ ቢበደል ማር ይሰጠዋል፣ ይረሳል ይባላል።

«ድንጋይ ተሸክመህ ብትገባማ» አለች ሚስቴ፣ «ስጠኝ ልጫወትበት ትልሃለች።»

በማግስቱ እኔው ገደራ ሄድኩ። ልጄ ቤት ውስጥ ማማድ አለ፤ የሚሳይል ጊዜ የሚገባበት፣ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ በብረት የሚዘጋ ክፍል ነው። ብረቱን ስትስበው ቀትርም ቢሆን ጨለማ ይሆናል። ልጅቷ እዚያ ነው የምትተኛ። ሻማ፣ የእጅ ባትሪና ስልኬን ይዤ ገባሁ። ያበላሸሁት በብርሃን ነው፣ የማቀናውም በብርሃን ነው ብዬ አስቤ ነበር።

«ማሳያ አለኝ» አልኳት። ብረቱን ዘጋሁ። አልፈራችም፤ ለምዳዋለች።

ሻማውን ለኮስኩ። ባትሪውን አብርቼ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩ፣ ሻማውን ከፊቷ አደረግሁ። «የትኛው ይበልጣል?»

«ሻማው።»

«ባትሪው እኮ ብርቱ ነው። ራቅ ስላለ ነው ያነሰ የመሰለሽ። ከዋክብትም እንዲሁ ናቸው፣ ትልልቅ ናቸው፣ ሩቅ ናቸው።» ከዚያ ባትሪውንም ሻማውንም አጠፋሁና «አሁን ሻማው እንዴት ነው?» አልኳት።

«የለም።»

«አለ፣ አጠገብሽ ነው፣ ዳሰሺው። ካልበራ አይታይም። እኔስ እታይሻለሁ?»

«አላይህም።»

«እኔም አላይሽም። እኔም አንቺም እናትሽም ጓደኛሽም በጨለማ አንታይም። ሰው መብራት አይደለም የኔ እናት። ብርሃን ሲመጣ ነው የሚታይ። ቆዳ አያበራም፣ አይፈዝም፤ ብርሃን ይቀበላል እንጂ አይሰጥም።»

ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። «ታዲያ ለምን ከፍም ትንሽ ትሻያለሽ አልከኝ?» አለች።

ያዘጋጀሁት ሁሉ እዚያ ላይ አለቀ። መብራቶቹ አልረዱኝም። ፊቷን ባላይም ወዴት እንደምታይ አውቃለሁ፣ ወደ ድምፄ ነው። ጨለማ ባይሆን ኖሮ የምለውን የምለው አይመስለኝም።

«ተሳስቼ ነው» አልኳት። «አንቺ ስለ ቆዳሽ ጠየቅሽኝ፣ እኔ ስለ ፋኖስሽ መሰለኝ። ምን ማለትሽ እንደሆነ ሳልጠይቅሽ መለስኩልሽ። የተናገርኩት የፋኖሱን ነው፤ ያንቺን አልነበረም። በድዬሻለሁ።»

«ሳባ ይሳሳታል?»

«ይሳሳታል።»

«ዕብራይስጥ ስለማትችል ነው?»

«እሱም አለበት። ግን መቸኮሌ ነው።»

 ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው «ቤሰደር» አለችኝ። እኔ ለዚያ አለቃ እንደምለው ዓይነት ቤሰደር ነው፤ ያልገባው ሰው የሚለው። ልቤ አላረፈም።

ብረቱን ከፈትኩት። ቀኑ ገባና ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፈንን። እጇን ከእጄ አጠገብ አልጋው ላይ አድርጋ ታያለች፣ ዝም ብላ ታወዳድራለች።

«አማርኛ ላይ ኬሄ ምን ይባላል?» አለች።

«አማርኛ ላይ ኬሄ ብሎ ዝም አይባልም። ለሰው መልክ ብዙ ስም አለው። አያትሽ ቀይ ትባላለች፣ እናትሽ የቀይ ዳማ ናት። እኔ ጥቁር ነኝ።»

«እኔስ?»

ያቺው ጥያቄ ነበረች። እንደዚያን ቀን አልፈጠንኩም። እጇን ያዝኩና በብርሃኑ አገላብጬ አየሁት፤ ያን ቀን መብራቱ ሥር ማድረግ የነበረብኝን ማለት ነው።

«አንቺ ጠይም ነሽ» አልኳት።

«ጣዒም?»

«ጠይም።»

«ጣዒም» አለችና መሣቅ ጀመረች። ትራሱ ላይ ወደቀች። እኔ ግራ ገባኝ፤ ደግሞ ምን ተናገርኩ ብዬ ደነገጥኩ። ይኼን ጊዜ ግን ጠየቅኋት።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ጣዒም እኮ የሚጣፍጥ ነው፣ ሳባ። እንደ ምግብ።» ተነሥታ የእጇን ጀርባ ላሰች። ቀመሰችው። «ጨው ነው» አለች።

«ከላብሽ ነው።»

«አንተስ ጣዒም ነህ?»

«እኔ ጥቁር ነኝ ብዬሻለሁ።»

«ጥቁር ይጣፍጣል?»

«እንጃ፣ ማንም ቀምሶኝ አያውቅም።»

እጄን ይዛ ላሰችው። ፊቷን አጨማደደች። «ሳሙና» አለች። እናቷ በር ላይ ቆማ ኖሯል፤ አፏን በእጇ ይዛለች። ልጅቷ እየሮጠች እሷን ልትቀምስ ሄደች።

እኔ እዚያው አልጋው ላይ ቀረሁ። ጠይም ስላት ምስጋና ነው ያልኳት፤ እኛ ዘንድ ጠይም ሴት ተብሎ ይዘፈናል፣ ይለቀሳል። እሷ የሰማችው ሌላ ነው። ደግሞም ጥሩ ሰማች። አንዱን ቃል በስህተት ሰምቼ ጎዳኋት፣ ሌላውን በስህተት ሰምታ ሳቀች፤ ከዚህ ውስጥ የኔ ብልሃት የቱ ላይ ነው ብዬ ብፈልግ አጣሁት።

የበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋኑ ሄድን፣ እኔ፣ ሚስቴና ልጄ። በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ ተቀመጥን። ሻማሽ ሌላ ልጅ ሆኗል፤ እሷ እምቢ ካለች ወዲህ ነው። መምህርቷ መጋረጃውን ዘጋች፣ መብራቱን አጠፋች። ልጆቹ የወተት ካርቶናቸውን ይዘው ተሰልፈው ገቡ። ግማሽ ክብ ሠርተው ቆሙ። የኔዋ ከዚያች ፈካ ካለችው ጓደኛዋ አጠገብ ቆመች። ሚስቴ ክንዴን ጨበጥ አደረገችኝ። 

መዝሙሩ ሊጀመር ሲል መምህርቷ ባትሪ አብርታ ልጆቹን አስተካከለች። የባትሪው ብርሃን እነሱ ላይ ሲደርስ የኔዋ ልጅ አንድ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች። ማንም አላያትም። እናቷም አላየቻትም፤ ስልኳን አስተካክላ ልትቀርጽ ነበር። እኔ አየኋት። እግሯ የሄደበትን አውቀዋለሁ፤ ትከሻዋን ይዤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ጓደኛዋ ዞር አለች። አጠገቧ ያለችው በመጥፋቷ የተናደደች ትመስላለች፤ እጅጌዋን ይዛ ጎትታ መለሰቻት። ፋኖሶቻቸው ተጋጩ፣ የአንዷ ላስቲክ ተላጠ። ከዚያ ዘመሩ። የማንኛቸው ፋኖስ እንደደመቀ፣ የማንኛቸው እንደፈዘዘ ከተቀመጥኩበት አልለየሁም። ዓይኔም ደህና አልነበረም።

ሲያልቅ ልጆቹ ተበተኑ። ሮጣ መጣችና ጆሮዬ ላይ «ሳባ፣ እሷም ሳሙና ናት» አለችኝ። ጓደኛዋን ቀምሳታለች ማለት ነው።

ስንወጣ መንገዱ ጨልሟል። ልጄና ሚስቴ ወደ መኪናው ቀደሙ፣ እኛ ከኋላ ነን። ያ የመንገድ መብራት በርቷል። ከሩቅ ሳየው እርምጃዬን ቀነስኩ። ከሥሩ ታልፋለች ወይስ በአጥሩ ጥላ ትዞራለች ብዬ እያሰብኩ እጇን ይዤ፣ እሷ ወደምትሄድበት ሄድኩ። በብርሃኑ መሐል አለፈች። ፋኖሷን እያወዛወዘች ነው፣ መብራቱንም አላየችው። ግን እንዳለፍን እጇን ከእጄ አወጣችና ፋኖሷን ብብቷ ሥር ይዛ ሁለቱንም እጆቿን ወደ እጅጌዋ ሰበሰበች።

ብርድ ነበር። እውነት ብርድ ነበር፣ የኔም ጣቶች ደንዝዘዋል። ቢሆንም ቆምኩ።

«ለምንድን ነው እጅሽን የከተትሽው?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «በርዶኝ ነዋ ሳባ» አለች። «ምን መስሎህ ነው?»